ከደቻቱ ድልድይ ሥር ያለው ጥላ

ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ የተባለውን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚያገናኘውን የደቻቱን ድልድይ፣ እዚያው ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ ቆሜ በዘይት ቀለም መሳል ነው። ሐሳቡን የቀሰቀሱብኝ በፎቶግራፍና በስዕል ብቻ የማውቃቸው ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድዮች ናቸው። በአሜሪካ በቬርሞንትና በፔንስልቬንያ፣ በስዊዘርላንድም በሉሰርን ከተማ የሚገኙት እነዚህ ድልድዮች የተከደኑት በዋናነት ለመንገደኛው ምቾት ሳይሆን፣ ተሸካሚው እንጨት በዝናብና በበረዶ እየራሰ እንዳይበሰብስ ነው። ሠዓሊዎችን የሚስባቸው ግን፣ እንደሚመስለኝ፣ የመግቢያቸው ጨለማና ከወዲያኛው ጫፍ የሚታየው ብርሃን ነው። የእኛ ድልድይ ጣሪያ የለውም፤ ነገር ግን ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ፣ ፀሐይ ለበረታበት ሰው ድልድዩ ራሱ ጣሪያ ይሆነዋል።

ያንን ጥላ በጥቁር ቀለም መሙላት ስዕሉን መግደል ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ያረፈበት አሸዋ ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው፣ የድልድዩ ሆድ ሞቅ ያለ፣ ወደ ኦከር፣ ማለትም ወደ ቢጫማ የአፈር ቀለም፣ የሚያደላ ቡናማ ይሆናል። በአንጻሩ መሬት ላይ የተዘረጋው ጥላ፣ በተለይ ሰማይ በሚያየው ጠርዙ በኩል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ አንዱ ጨለማ ከላይ ሙቅ፣ ከታች ቀዝቃዛ ነው፤ በሁለቱ መካከል የቆሙት ምሰሶዎች ደግሞ ከሁለቱም ይወስዳሉ። ለታችኛው ጥላ አልትራማሪን የሚባለውን ደማቅ ሰማያዊ አምበር ከሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለም ጥቂት ጋር እቀላቅላለሁ፤ ለላይኛው አምበሩን አበዛና አልትራማሪኑን እነፍገዋለሁ። የጥቁር ቀለም ቲዩብ ጭራሽ ከቤት ይዤ አልወጣም።

ስለ ቲዩብ ካነሳሁ አይቀር፣ ደጅ ወጥቶ በዘይት ቀለም መሳል እንዲህ የቀለለው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ እ.ኤ.አ. በ1841 ተጨማቂውን የብረት ቲዩብ ከፈለሰፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ፊኛ ተሸክሞ መዞርን ሳስበው ያስቀኛል። ቲዩቡም ቢሆን ሁሉን አልፈታም፤ ቀለም የማቀጥንበት ተርፔንታይን ከጣሳው ቶሎ ይተናል፣ ከአሸዋው የሚነሳው አቧራም እርጥብ ቀለም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ብርሃኑ ነው። ሸራው ላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ካረፈ ቀለሙ ከሆነው በላይ ፈክቶ ስለሚታይ እጅ ሳያውቀው ያጠቁረዋል፤ ስዕሉ ቤት ሲገባ ጨፍግጎ ይገኛል። ስለዚህ ሸራዬን ፀሐዩን ጀርባ አሰጥቼ በራሱ ጥላ ውስጥ አቆመዋለሁ። የመጀመሪያውን ንብብር ዘይት ሳላበዛ በአምበር አሳሳዋለሁ፤ አምበር በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ይደርቃል፣ የተልባ ዘይት የበዛበት ቀለም የሚመጣው ከእሱ በላይ ነው።

ከድልድዩ ሥር አረፍ ብለው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙና ሸራውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ውሃውን የት ጣልከው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ውሃ የለም እኮ።»

«የለም አትበል፤ አልመጣም በል።»

እውነታቸውን ነው። የደቻቱ ውሃ ከደጋው ስለሚወርድ፣ ከተማው ላይ ብዙ ሳይዘንብ ወንዙ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። በዚህ ከተማ ለሚኖር ተመልካች ደረቁ አሸዋ ባዶ ቦታ አይደለም።

ያም ሆኖ ውሃ አልጨመርኩም፤ ያላየሁትን ለማስዋብ ብዬ መሳል አልወድም። ይልቁንም የሽማግሌው ጥያቄ ሚዛኑን እንዳጤነው አደረገኝ። እኔ በጥላው ተስቤ ወደ ምሰሶዎቹ በጣም ተጠግቼ ነበርና፣ የወንዙ ስፋትና የዳርቻው ግንብ ከፍታ ከሸራው ውጭ ቀርተው ነበር። ድልድዩ ለምን ይህን ያህል እንደረዘመ፣ ግንቡስ ማንን ለመመከት እንደቆመ የሚናገሩት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። አሁን ወደ ጎን የረዘመ ሸራ ወጥሬ፣ ከመጋላ በኩል ራቅ ብዬ፣ ግንቡን ከነሙሉ ከፍታው አስገብቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። ጥላው አንሷል፤ ሙቅና ቀዝቃዛነቱ ግን በትንሽ ብሩሽም ይያዛል።