የጌኮ ጉዳይ የሙቀት ጉዳይ ነው

ስደት ላይ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ልጁ ውሻ ይለምናል፤ የኪራይ ውሉ አይፈቅድም። ድመት ይላል፤ ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው አለ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ቤት የሚገባው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት ነው፤ አይጮኽም፣ ፀጉር አያራግፍም፣ አንድ የመስታወት ሳጥን ይበቃዋል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አያት ግን ደንግጠው ማማተባቸው አይቀርም። መርዝ የለውም፣ ሰው ላይ አይዘልም ብላችሁ አረጋጓቸው። ድሬዳዋ ግድግዳ ላይ አምፖል ሥር የእሳት ራት እንደሚለቅመው ዘመዱም አይደለም፤ ጣቶቹ ጥፍር እንጂ መጣበቂያ ስለሌላቸው መስታወት አይወጣም። የዓይን ቆብ ስላለው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚተኛው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የኪራይ ውሉን አንብቡ፤ የቤት እንስሳ ክልከላው ሳጥን ውስጥ የሚኖረውንም ይጨምር እንደሆን ከአከራዩ በጽሑፍ መልስ ውሰዱ። አውስትራሊያ ያላችሁ የውጭ አገር ተሳቢ እንስሳ ቤት ውስጥ መያዝ ስለተከለከለ ይህ አይመለከታችሁም። ዕድሜውንም አስቡት። በደንብ የተያዘ ጌኮ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በ8 ዓመቱ ያስገዛው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ እንስሳው እናትና አባት ዘንድ ይቀራል።

አገሩ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ነው። ሰውነቱ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ የበላውን የሚፈጨው ከሥሩ ባለው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ጌኮ ቢበላም ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ «አልበላ አለ» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ወለሉ ስንት ዲግሪ ነው?» የሚል ነው።

ለአንድ ጌኮ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ጥሩ ነው። ማሞቂያው በአንድ ወገን ብቻ ይሁን። በሞቃቱ ወገን የወለሉ ፊት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ (አሜሪካ ላላችሁ ከ90 እስከ 93 ፋራናይት)፣ በቀዝቃዛው ወገን ከ22 እስከ 25 ይሁን። እንስሳው ሲሞቀው ወደዚያ፣ ሲቀዘቅዘው ወደዚህ እያለ ራሱን ያስተካክላል። ሳጥኑ በሙሉ እኩል ከሞቀ ግን መሸሻ የለውም። በሁለቱም ወገን መደበቂያ አስቀምጡ፤ ሦስተኛ መደበቂያ ደግሞ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) የተሞላበት ክዳናማ ዕቃ ይሁን። ይህ እርጥብ መደበቂያ ከሌለ ቆዳውን ሲቀይር አሮጌው ቆዳ ጣቶቹ ላይ ቀለበት መስሎ ይቀራል፤ ቀለበቱ ደሙን ያግደዋል፣ ጣቱም ደርቆ ይወድቃል። ቆዳ በቀየረ ቁጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ። የቀረ ነገር ካለ ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ አቆይታችሁ በጥጥ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ በደረቁ አትጎትቱ።

ማሞቂያ ምንጣፍ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው ዕቃ ውጭ፣ አይሰካም። ቴርሞስታት የሌለው ምንጣፍ ከ45 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ጌኮ ደግሞ ሆዱ እየተቃጠለም ከቦታው ላይነሳ ይችላል። የቴርሞስታቱን ገመድ ጫፍ አየር ላይ አታንጠልጥሉት፤ ወለሉ ላይ ከሞቃቱ መደበቂያ ሥር አጣብቁት። የወለል ሙቀት መለኪያውንም ከሃርድዌር መደብር ግዙ። ለትኩሳት ግንባር ላይ የሚደቀነው ለሰው ገላ የተሠራ ስለሆነ የወለል ሙቀት በትክክል አያነብም።

አሸዋ አታንጥፉ፣ «የካልሲየም አሸዋ» ተብሎ የሚሸጠውንም ጭምር። ከምግብ ጋር ይውጠውና አንጀቱን ይዘጋዋል። ለትንሹ የኩሽና ወረቀት፣ ለአዋቂው የሴራሚክ ንጣፍ ይበቃል።

ጌኮ ቅጠልና ፍራፍሬ አይበላም፤ ምግቡ በሕይወት ያለ ነፍሳት ብቻ ነው፦ ክሪኬት፣ ዱቢያ በረሮ፣ ሚልዎርም። የነፍሳቱ መጠን በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ከመስጠታችሁ 24 ሰዓት በፊት ነፍሳቱን ካሮትና ጎመን አብሏቸው፤ ባዶ ሆድ ነፍሳት ባዶ ምግብ ናቸው። ታዳጊ ጌኮ በየቀኑ፣ አዋቂው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይበላል። ነፍሳቱን በካልሲየም ዱቄት ማልበስ ግዴታ ነው፤ ዩቪቢ መብራት (እንደ ፀሐይ ያለ ጨረር የሚሰጥ አምፖል) ለሌለው ደግሞ ዱቄቱ ቫይታሚን ዲ3 ይኑረው። ይህ ሲጎድል አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ሲራመድ እግሩ ይንቀጠቀጣል። በልጆች ላይ ሪኬትስ የምንለው ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተጣመመ ደግሞ አይቃናም። በሰኔና በሐምሌ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጓሮ ላይ ማታ ብልጭ ድርግም የሚሉትን ፋየርፍላይ ልጆች ይዘው እንዳይሰጡት አስጠንቅቁ፤ አንዱ እንኳ ሊገድለው ይችላል።

በእኛ ቤት በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ጭስ ነው። ዕጣን የሚጨስበትና ቡና የሚቆላበት ሳሎን ለእሱ አይሆንም፤ ሳጥኑ መኝታ ቤት ይሁን። ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ተህዋሲም አለ። ጤነኛ የሚመስል ጌኮ ተህዋሲውን ይዞ ሊኖር ስለሚችል ነክቶ የተመለሰ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውሃ ሳህኑና መደበቂያዎቹ ክትፎ በሚዘጋጅበት የኩሽና ሲንክ ውስጥ በጭራሽ አይታጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ ባይያዝ ይመረጣል።

ማርባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሚዛን ይግዛ፤ የኩሽናው ዲጂታል ዓይነት፣ በግራም የሚያነብ። ሴቷ ቢያንስ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላትና 50 ግራም ሳትደርስ ከወንድ ጋር አትገናኝ። ወንዱን ከሥር ገልብጣችሁ ስታዩ በኋላ እግሮቹ መካከል በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ጎላ ያሉ ቀዳዳዎች፣ ከጅራቱ ሥር ደግሞ ሁለት እብጠቶች አሉት። ሁለት ወንድ በአንድ ሳጥን አይኖርም፤ እስኪሞት ይጣላሉ። ወንዱን ወደ ሴቷ ሳጥን ለጥቂት ሰዓታት ታስገቡትና ትለዩአቸዋላችሁ። ጅራቱን መሬት ላይ እያርገበገበ አንገቷን ሲነክስ አትደንግጡ፤ ደንቡ ነው። ቆዳዋ ከደማ ግን አውጡት።

ሴቷ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ሆዷ ላይ በቀጭኑ ቆዳ በኩል ነጭ ሞላላ ነገር ሲታይ ክዳን ያለው ሳጥን በእርጥብ ቨርሚኩላይት (ውሃ የሚይዝ የማዕድን ፍርፋሪ) ሞልታችሁ አስገቡላት፤ ከሌለ ደረቅ ወለል ላይ ትጥለውና በሰዓታት ውስጥ ይጨማደዳል። የወንዱን ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይ ከአንድ ግንኙነት በኋላ በየጥቂት ሳምንቱ እየደጋገመች ልትጥል ትችላለች፤ በአንድ ወቅት ከ10 በላይ እንቁላል የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ከአጥንቷ ካልሲየም ይወስዳል። ጅራቷ ከቀጠነ ወቅቱ ለእሷ አብቅቷል፤ ወንዱን ዳግም አታሳዩአት።

እንቁላሉን ስታነሱ አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የዶሮ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ እያገላበጠች ታሞቀዋለች፤ የጌኮ ግን ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ ቢገለበጥ በውስጡ የተጣበቀው ፅንስ ይሞታል። 100 ግራም ቨርሚኩላይት ከ100 ግራም ውሃ ጋር አዋህዱ። በጡጫችሁ ስትጨምቁት ቅርጹን ይዞ መቆየትና ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ አለመንጠባጠብ አለበት። እንቁላሉን ግማሹን ቅበሩት፣ የዕቃውን ክዳን በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብሱት፣ በሳምንት አንዴ ከፍታችሁ አየር አስገቡ።

ፆታውን የሚወስነው የማስፈልፈያው ሙቀት ነው። በ26.5 ዲግሪ አካባቢ አብዛኞቹ ሴት ይሆናሉ፣ በ32.5 አብዛኞቹ ወንድ፣ በመካከሉ ድብልቅ። ከ34 ሲያልፍ ተመልሶ ሴት ይበዛል፤ እነዚያ ሴቶች ግን ብዙዎቹ ተናካሾችና ለመራባት የማይሆኑ ናቸው። በዝቅተኛው ሙቀት መፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ በከፍተኛው ከ35 እስከ 45 ቀን። ከ10 ቀን በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ እንቁላሉን ሳታነሱ፣ የስልክ መብራት በጎኑ አስጠጉ። በውስጡ ሐምራዊ ቀላ ያለ ቀለምና እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ሥር ከታየ ሕይወት አለው፤ ወጥ ቢጫ ከሆነ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎደጎደ ደርቋል ማለት ነው፤ ውሃውን ከእንቁላሉ ራቅ አድርጋችሁ በዕቃው ዳር አንጠባጥቡ። ሊፈለፈል አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው አልቦት ሲጎደጉድ ግን አትንኩት።

ስለ ቀለም ዘር ሁለት ነገር ብቻ። ሦስት የአልቢኖ መስመሮች አሉ፦ ትሬምፐር፣ ቤል፣ ሬይንዋተር። አንዱን ከሌላው ብታዳቅሉ አልቢኖ አይወለድም፣ የዘር መዝገቡም ይበላሻል። ኢኒግማ የሚባለው ዘር ጭንቅላቱን እያዘመመ የሚዞር የነርቭ ችግር አለበት፣ ሌመን ፍሮስት ደግሞ የቆዳ ዕጢ ያመጣል። እነዚህን ሁለቱን ማራባት እንስሳውን መበደል ነው።

የተፈለፈለው ጫጩት 3 ግራም ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ቆዳውን እስኪቀይር የአስኳሉን ትርፍ እየተጠቀመ ይቆያል፤ ምግብ አታስገድዱት። እያንዳንዱ ለየብቻው፣ እርጥብ ወረቀት ባለበት ትንሽ ዕቃ ይኑር፤ አብረው ከሆኑ ጠንካራው የደካማውን ጅራት ይቆርጣል። 10 ግራም እስኪደርስና ለተከታታይ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ እስኪበላ ድረስ ለማንም አትስጡት። ስትሰጡም የተፈለፈለበትን ቀን፣ የማስፈልፈያውን ሙቀት፣ የወላጆቹን ዘርና የለመደውን ምግብ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ፤ ተቀባዩም ቴርሞስታቱን ሰክቶ የወለሉን ሙቀት ቢያንስ ለሁለት ቀን ለክቶ ያሳያችሁ።