ግማሽ ጺም

ደሴ ውስጥ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ድራማ እሠራለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው መከራውን ያያል። ሰው ሁሉ ያውቃቸዋላ። አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ሳይቀር ያርምሃል።

እኛ የሰፈር ልጆች ግን ደፈርን። ለአንድ ንጉሥ ሦስት ተዋናይ አስፈለገን። አንዱ ወጣቱ መሐመድ አሊ ነው፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና ተነስቶ ሚካኤል የሚባለው። ሁለተኛው በ1888 ፈረሰኛ አስከትቶ አድዋ የሚዘምተው ራስ ሚካኤል። ሦስተኛው ሽማግሌው ንጉሥ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው፣ ተማርከው፣ በሰንሰለት አዲስ አበባ የሚገቡት።

ዕጣ ጣልን። ለእኔ ሰንሰለቱ ደረሰኝ። ፈረሱ የደረሰው ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ አረማመዱ ተቀየረ። ፈረስ ተብዬው መጥረጊያ ነው እኮ!

ዕድሜዬ 24 ነው። ሽማግሌ እንዴት ይሆናል? በቃ፣ ጎበጥኩ። እጄን አንቀጠቀጥኩ። ቤት ውስጥ ሳል ስለማመድ እናቴ የምር መስሏት ሦስት ቀን ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ።

ቀኑ ደረሰ። ለጺም እናቴ ለፈትል ካስቀመጠችው ባዘቶ ሰረቅሁ። እህቴ የውበት ሳሎን ስለምትሠራ የሽፋሽፍት ማጣበቂያ አመጣች። ግራ ጉንጬ ላይ ለጥፋ ስትጨርስ ማጣበቂያውም አለቀ። ቀኙን በማር ለጠፈችው። ቅንድቤ ላይ የፉርኖ ዱቄት ነሰነሰች። ንጉሡ በሰንሰለት አዲስ አበባ የገቡ ቀን ጥቁር የሐር ካባ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመው ነበርና እኔም የጎረቤታችንን የሠርግ ካባ ደርቤ፣ ነጠላ ጠምጥሜ ወጣሁ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ።

«ቀስ ይበሉ አባባ። ሂሳብ አልፈልግም፣ ይመርቁኝ ብቻ።»

ወሎ ውስጥ ምርቃት ቀላል ነገር አይደለም። አባቶች ሲመርቁ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። እኔ «ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ካልኩ በኋላ አለቀብኝ። ዝም ማለትም ነውር ነው።

«ነዳጅ ይስጥህ» አልኩት።

«አሚን!» አለ፣ መሪውን ለቆ።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቆይተው «ዘመንዎ ስንት ነው?» አሉኝ።

ንጉሡ ሰገሌ ላይ 66 ገደማ ነበሩ። ያጠናሁት እሱን ነው። «66» አልኩ።

«66 ብቻ? እኔ 78 ነኝ። ዛሬ ጧት ጦሳ ተራራ ወጥቼ ነው የወረድኩት። እርስዎን ምን አገኘዎት?»

ሳልኩ። «ብርዱ ነው።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። ፒያሳ ስንደርስ እሳቸው ዘለው ወረዱ፣ እኔን ደግፈው አወረዱኝ። ዱላቸውንም ሰጡኝ። «ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ያስፈልጋል።» የምናገረው ጠፋኝ። የ78 ዓመት ሰው የ24 ዓመት ጎረምሳ ደግፎ አዳራሽ በር ድረስ አደረሰ።

በር ላይ አዘጋጃችን ቆሟል። «አንተ የማትረባ! የት ተጎልተህ ነው? ግባ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «አንተ ባለጌ! አባትህ የሚሆን ሰው እንዲህ ይባላል?» አዘጋጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሳቸውም ዳግም እንዳልደፈር ሊጠብቁኝ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

ተራዬ ደረሰ። ሰንሰለቴን እየጎተትኩ፣ ጎብጬ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እየሳልኩ ወጣሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሊያለቅሱልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ቀና በል!»

ከፊት ወንበር ነው። ሽማግሌው ቆመዋል። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ አንቱታው ቀርቷል።

«ንጉሥ ሚካኤል ናቸው እንዲህ የሚንቀጠቀጡት? ጦር መርተው፣ ተዋግተው የተያዙ ሰው ናቸው! አንተ ውርጋጥ፣ 66 ዓመት ምን አላት? ቀና በል!»

ደንግጬ ቀጥ አልኩ። ማሩ አልቻለም። ቀኝ ጺሜ ቦጭ ብሎ ሰንሰለቱ ላይ ወደቀ። ንግሥት ዘውዲቱን የምትጫወተው ልጅ ፊቷን አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ የተረፈኝን ግማሽ ጺም ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ፊቷ ሄጄ እጅ ነሳሁ። ተጨበጨበ። ለእኔ ይሁን ለሽማግሌው እስካሁን አላወቅሁም።

ሲያልቅ መጥተው ዱላቸውን ተቀበሉኝ። አልተመረኮዙትም። ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሄዱ።

የግራው ጺም አልላቀቅ አለ። ውሃም ዘይትም ሞከርን። ሲመሽ በነጠላ ተሸፋፍኜ ባጃጅ ያዝኩ። ያው ሾፌር! በመስታወት አየኝ። ግማሽ ፊቴ ሽማግሌ፣ ግማሹ ጎረምሳ።

«የቅድሙን ሂሳብም ጨምረህ ትከፍላለህ» አለኝ።

«መርቄህ የለ እንዴ?»

«የምን ምርቃት? አንተን ካወረድኩ ጀምሮ ነዳጅ ተሰልፌ ነው የዋልኩት!»