የዘጠኝ መቶው ልዩነት

ከትናንት ጀምሮ ውስጤን የሚረብሸኝ ነገር ምን እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም። ሐዘን አይደለም፤ ፍርሃት ብዬም ልጠራው አልደፍርም። ፈተና ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ሰው የሚሰማው ዓይነት ባዶነት ነው ብል ይቀርባል፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው አለመኖሩና የምወስነው እኔው መሆኔ ነው። ሁለቱ የሥራ ቅጥር ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ከትልቁ የኦዲት ድርጅት፣ ሌላው ደግሞ ተለማማጅ ሆኜ ከሠራሁበት፣ ከባለቤቱ ጋር ሰባት ሰው ብቻ ካለበት ቢሮ የመጣ ነው። ሁለቱም እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቃሉ። ዛሬ ማታ የተቀመጥኩትም ለአንዱ የምስጋና፣ ለሌላው የይቅርታ ደብዳቤ ለመጻፍ ነበር።

ባዶ ወረቀት ፍለጋ የልምምድ ጊዜዬን ማስታወሻ ደብተር ስገልጥ በቀይ እርሳስ የተሰመረበት አንድ ገጽ ወጣ። የአንድ ደንበኛ የወር መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ነው። በግራ በኩል በእኛ መዝገብ ላይ ያለው ቀሪ፣ በቀኝ በኩል በባንኩ መግለጫ ላይ ያለው ቀሪ ተጽፏል፤ ከሥራቸው ተጽፈው ገና ከባንክ ያልተመነዘሩ ቼኮችና ገቢ ተደርገው ባንኩ ገና ያልመዘገባቸው ገንዘቦች በተራ ተዘርዝረዋል። ከሁሉም በታች፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ ተጭኜ የጻፍኩት «ልዩነት 900» የሚል አለ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ጊዜ ያጠፋሁት 900 የሚል ክፍያ ስፈልግ ነበር። የቼክ ጉርዶቹን አገላበጥኩ፣ ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ሳይመዘገብ ቀርቶ እንደሆነ አየሁ፤ 900 የሚባል ነገር የትም አልነበረም። የቢሮው ባለቤት ከክፍላቸው ወጥተው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ወረቀቱን ሳይነኩ «ለዘጠኝ ይካፈላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መቶ ይደርሳል አልኳቸው። «እንግዲያው ልጄ፣ የጠፋ ክፍያ አትፈልጊ፤ የተገላበጠ ቁጥር ፈልጊ» አሉኝ። ብዙም ሳንቆይ አገኘነው፤ 5,400 የተከፈለበት ቼክ በመዝገባችን ላይ 4,500 ተብሎ ሰፍሯል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለዘጠኝ ያለቀሪ እንደሚካፈል፣ ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ ግማሹን ወስዶ በዴቢት (በመዝገቡ ግራ) ፈንታ ክሬዲት (በቀኝ) የገባ ሒሳብ እንዳለ መፈተሽ እንደሚገባ ያን ቀን ተማርኩ። (900 ለሁለትም ስለሚካፈል የተገላበጠ ቁጥር ባናገኝ ኖሮ ቀጣዩ ሥራችን 450ን መፈለግ ነበር።) ትምህርት ቤት እያለሁ ይህን የነገረኝ ሰው ትዝ አይለኝም፤ ተነግሮኝም ከሆነ፣ ከፊቴ የተዘረጋ ልዩነት ስላልነበረ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ይህን ገጽ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ለትንሹ ቢሮ እንደሚመሰክር ማስረጃ አድርጌ ነበር። እዚያ ሥራው ተቆርሶ አይሰጥም። ደንበኛው በካርቶን ይዞት የመጣውን ደረሰኝ የማደራጀው እኔ ነኝ፤ ጆርናል (የዕለት መዝገብ) ላይ የማሰፍረው፣ ወደ ሌጀር (የሒሳቦች ዋና መዝገብ) የማዛውረው፣ ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ማመዛዘኛ) የማወጣው፣ የቋሚ ንብረቱን የእርጅና ቅናሽ የማሰላው፣ ተከፍሎ ገና ያልተጠቀሙበትን ኪራይ ከወጪ አውጥቼ ወደ ንብረት የማዞረውም እኔው ነኝ። ዓመቱ ሲዘጋ የሒሳብ መግለጫው ላይ የተቀመጠውን እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ኋላ እየተከተልኩ እስከ ደረሰኙ መድረስ እችል ነበር። በሒሳብ መግለጫው ላይ አንድ ጠቅላላ ድምር ሳይ፣ በውስጡ ዝናብ የነካው ደረሰኝ፣ ደንበኛው ረስቶ ሁለት ጊዜ ያመጣው ፋክቱርና የእኔ የእርሳስ ምልክት እንዳሉ አውቃለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድን ድርጅት ከራሱ እስከ እግር ጥፍሩ ማየት መቻሌን እንደ ትልቅ ዕድል ቆጥሬዋለሁ፤ አሁንም እቆጥረዋለሁ።

ዛሬ ማታ ግን ገጹን ሳየው ዓይኔ ያረፈው በቀዩ መስመር ላይ ሳይሆን በ4,500 ላይ ነው። ያ ቁጥር በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቼኩን ከቫውቸሩ አይቼ የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ፤ ወሩ ሲያልቅ መዝገቡን ከባንኩ ጋር ያስታረቅኩትም እኔ ነኝ። የውስጥ ቁጥጥር ትምህርት ሲጀመር ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የመዘገበ ሰው እንዳያስታርቅ፣ ገንዘብ የያዘ ሰው እንዳይመዘግብ የሚለው ነው፤ ሥራ ተከፋፍሎ ካልተያዘ ስህተቱን የሠራውና ስህተቱን የሚፈልገው ዓይን አንድ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያላገኘሁትም ለዚህ ይመስለኛል። በ4,500 ላይ ደጋግሜ አልፌያለሁ፤ የራሴ ጽሑፍ ስለሆነ አላነበብኩትም፣ አመንኩት። ሁሉን ማየቴ ያስደሰተኝ ሁሉ በእኔ እጅ ስለሚያልፍ ነው፤ ሁሉ በአንድ እጅ ሲያልፍ ደግሞ ሁለተኛ ዓይን የለም። የወደድኩትና አሁን የሚያስፈራኝ ነገር አንድ መሆኑን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።

ያን ቀን ሁለተኛው ዓይን የቢሮው ባለቤት ነበሩ። ሁልጊዜ ግን አልነበሩም። የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሲደርስ፣ ደንበኞች በር ላይ ተሰልፈው ስልኩም አልበርድ ባለበት ሳምንት፣ ያዘጋጀሁትን አንድ ሙሉ ፋይል ይዤ ገባሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩባቸውን ሁለት ቦታዎች በወረቀት ምልክት አድርጌባቸው ነበር። ሽፋኑን ብቻ ገልጠው ፈረሙና «ባንቺ እተማመናለሁ» ብለው መለሱልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ቃል ቀኑን ሙሉ ያስደስተኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁለቱን ምልክቶች እንደተሰኩ ይዤ ወደ ወንበሬ ስመለስ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። እርሳቸውን አልወቅስም፤ ሰባት ሰው የሚሠራው ሥራ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ነበር። ቢሆንም በስማቸው የወጣው ሥራ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጓደኛዬ ት. በትልቅ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ስለ እርሷ ሥራ ስሰማ ከማዘንና ከመቅናት የቱን እንደምመርጥ ግራ ይገባኝ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቷ በአብዛኛው ያለፈው የማረጋገጫ ደብዳቤ በመላክ ነው። የዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 505 እንደሚጠይቀው፣ የደንበኛው ባለዕዳዎችና ባንኮች ቀሪ ሒሳቡን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሲጠየቁ ደብዳቤውን የሚልከው ኦዲተሩ ራሱ ነው፤ መልሱም በደንበኛው በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለኦዲተሩ መድረስ አለበት። የሄደውን፣ የመጣውን፣ ያልመጣውን በሠንጠረዥ ትመዘግባለች፤ መልስ ካልመጣ ገንዘቡ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ተከፍሎ እንደሆነ በባንክ መግለጫ ላይ ትፈልጋለች። በዚህች አንዲት ጥግ እርሷን የሚወዳደራት ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ትሪያል ባላንስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ አውጥታ እንደማታውቅ፣ ያን ትልቅ ደንበኛም ዝሆንን በጆሮው ብቻ እንደ ማወቅ እንደምታውቀው ነግራኛለች።

የቀናሁባት ነገር ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ባዘጋጀችው አንድ የሥራ ወረቀት ላይ ሲኒየሯ (የቅርብ አለቃዋ) 23 የማስተካከያ ነጥብ ጽፋ መለሰችላት። ምንጩ የት ነው? ይህን ናሙና እንዴት መረጥሽ? ይህ ልዩነት ከማቴሪያሊቲ (የሒሳቡን አንባቢ ሊያሳስት ከሚችለው መጠን) በታች ነው ያልሽው ከየትኛው አኃዝ ጋር አነጻጽረሽ ነው? ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማልቀሷንም አልደበቀችኝም። 23ቱን መልሳ ስትጨርስ ወረቀቱ ወደ ማናጀሩ ሄደ፤ ከእርሱም አምስት ነጥብ መጣ። ዓመቱ ሲያልቅ በአንድ ወረቀት ላይ ከሦስት በላይ አይመጣባትም ነበር። ያን ጊዜ አጽናናኋት እንጂ አልቀናሁም። ዛሬ ግን ያልተገለጠውን ፋይሌንና ሁለቱን ምልክቶች ሳስብ፣ ለእነዚያ 23 ነጥቦች ምን ያህል እንደምጓጓ ለራሴ መናገር ይከብደኛል።

ታላቅ ወንድሜ ነገሩ ቀላል ነው ባይ ነው። በእርሱ ቤት ትልቅ ማለት አስተማማኝ ማለት ነው፤ ስሙን የሰማ ሁሉ በር ይከፍትልሻል ይለኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አርተር አንደርሰን የተባለው የአሜሪካ የኦዲት ድርጅት ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 በቺካጎ ሲቋቋም ገና ትንሽ ቢሮ ነበር፤ በ2001 ደንበኛው የኃይል ኩባንያው ኤንሮን ሲከስር ግን በዓለም ዙሪያ ወደ 85,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ከኤንሮን ጋር የተያያዙ ሰነዶች እንዲወድሙ መደረጋቸው በታወቀ ጊዜ በ2002 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በይፋ የሚነገዱ ኩባንያዎችን ኦዲት ማድረጉን አቆመ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ፍርዱን ሻረው፤ ሆኖም ያን ጊዜ የሚመለስለት ድርጅት በሥፍራው አልነበረም። አምስት ይባሉ የነበሩት የኦዲት ታላላቆች ከዚያ ወዲህ አራት ሆነው ቀሩ፤ ዴሎይት፣ ፒደብሊውሲ፣ ኧርነስት ኤንድ ያንግና ኬፒኤምጂ።

ይህን የማነሳው የወንድሜን ነገር ለማፍረስ አይደለም። የእኔን ነገር ስለሚያፈርስብኝ ነው። እዚያም ሲኒየር ነበር፤ ማናጀር፣ ፓርትነር (የድርጅቱ ባለድርሻ)፣ ከፓርትነሩ በላይም የሙያ ጥያቄዎችን የሚመረምር ቡድን ነበር። በኤንሮን ሒሳብ አያያዝ ላይ ከድርጅቱ ውስጥ ተቃውሞ ያነሳ ሰው ከዚያ ደንበኛ ሥራ እንዲነሳ መደረጉም ኋላ ታውቋል። ስለዚህ የዓይኑ ብዛት ብቻ አያድንም፤ ያየው ዓይን መናገር መቻል፣ የተናገረውም መሰማት አለበት። በሰባት ሰው ቢሮም ቢሆን ገቢው በአንድ ደንበኛ ላይ ከተንጠለጠለ ችግሩ ያው ነው። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብ ከአንድ እንደ ባንክ ያለ የሕዝብ ጥቅም ያለበት የኦዲት ደንበኛ የሚገኘው ክፍያ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 15 በመቶ ሲያልፍ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ትልቁን ደንበኛ ማጣት የሚፈራ ሰው፣ ቢሮው ትንሽ ሆነም ትልቅ፣ የሚያየውን ነገር ላለማየት ምክንያት አያጣም።

ደመወዙን ብዙ አላሰብኩበትም፤ ልዩነቱ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሙያ ፈቃዱ ግን ያሳስበኛል፤ ለኤሲሲኤ (ለዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) አባልነት ከፈተናው ሌላ 36 ወር የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ የሠራሁትንም የሚያረጋግጥልኝ ራሱ የሙያው ባለቤት የሆነ ተቆጣጣሪ መሆን አለበት። በትልቁ ድርጅት እንዲህ ያለ ሰው በየፎቁ አለ። በትንሹ ቢሮ ያሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቢታመሙ ወይም ቢሮውን ቢዘጉ ሥራዬን የሚመሰክርልኝ ሰው አይኖርም። ከትልቅ ወደ ትንሽ መሄድ ይቀላል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ግን በሩ ጠባብ ነው የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ሥራ የሚመረጠው ከመውጫው በር ተነስቶ ከሆነ፣ መካከል ያሉትን ዓመታት ማን ሊኖራቸው ነው?

አሁን ሳስበው፣ በሁለቱም ቃለ መጠይቅ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ደንበኞች ብዛት፣ ስለ ፈተና ፈቃድ ጠይቄአለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ማን እንደሚያነበው አልጠየቅሁም። የሚያነበው ሰው ስንት ሰዓት እንደሚኖረው፣ «ይህ ልክ አይደለም» ብል ከቡድኑ እነሳ እንደሆነ፣ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቦታ ምልክት አድርጌ ብሰጥ ምልክቱ ተመልሶ እንደተሰካ ይመጣ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የመጣሁበት ነገር ሁሉ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱም ክፍል ውስጥ አንደበቴ አልተፈታም።

እስከ ዓርብ ሁለት ቀን አለ። ነገ ጠዋት ለሁለቱም እደውላለሁ፤ ለትንሹ ቢሮ ባለቤትም ስለዚያ ፋይል እነግራቸዋለሁ፤ ይህን ሳላደርግ የትም መሄድ አይገባኝም። ነገር ግን ሥራውን የሚፈትሽ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ የለም ብሎ የሚመልስ ድርጅት ይኖራል? ሁለቱም አለ ካሉኝ፣ የትኛው እውነቱን እንደነገረኝ ከውጭ ሆኜ በምን አውቃለሁ?