ዶሮው ሦስት ጊዜ እስኪጮህ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ተቀምጠን «ዘ ዌይሊንግ» የተባለውን የደቡብ ኮርያ ፊልም አብረን አየን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ እየራቀ ይሰማ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ ዝናብ በዝናብ ስለሆነ ውጭ የሚጥለውንና ፊልሙ ውስጥ የሚጥለውን ለይቶ ማወቅ እያቃተን ሄደ። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ፊልሙ 156 ደቂቃ ይፈጃል፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ መጣ፤ በሁለቱም ጊዜ እርሳቸው ሻማ ለኩሰው ጠበቁ እንጂ «እንግዲህ እንተኛ» አላሉም።

ዳይሬክተሩ ና ሆንግ-ጂን ይህን ፊልም ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ጎክሶንግ በተባለ የገጠር አካባቢ ሲሆን፣ ይህ ስም በኮርያኛ ሲነገር «የልቅሶ ድምፅ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው ፊልሙ ገና ሳይጀመር በርዕሱ ብቻ ቤተኛነት ይሰማዋል። በዚያ አካባቢ ሰዎች ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ ቆዳቸው እየቆሰለ፣ አእምሯቸው እየተነካ፣ የገዛ ቤተሰባቸውን ይፈጃሉ። ጆንግ-ጉ የተባለው ፖሊስ ነገሩን ሲከታተል ልጁ ትታመምበታለች። ከዚያ በኋላ በሦስት ሰዎች መካከል ይዋልላል፤ ጫካ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አንድ ጃፓናዊ መጻተኛ አለ፤ ገንዘብ ተከፍሎት መንፈስ ለማስወጣት የመጣ ጠንቋይ አለ፤ ነጭ የለበሰች፣ ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ሴትም አለች። ከሦስቱ ማን ያድናል፣ ማን ያጠፋል የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አይለቀውም፤ እኛንም አይለቀንም።

ወደ ፍጻሜው ነጭ ለባሿ ሴት ጆንግ-ጉን መንገድ ላይ ይዛ፣ ዶሮ ሦስት ጊዜ እስኪጮህ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ታስጠነቅቀዋለች። ዶሮው አንድ ጊዜ ጮኸ። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛው ሳይደርስ ሰውየው እጇን ጥሎ ሮጠ። በዚህ ጊዜ አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና «ወይኔ፣ ጴጥሮስን አደረገው!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ አንዲት ዶሮ ብትቀረው ምን ነበረበት ቢታገሥ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያልኩት ነገር አልነበረም። ሰይጣኑ የትኛው እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ያሰላሰልኩት እርሱን ብቻ ነበር። በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት የጴጥሮስን ክህደት ሲነበብ የሚሰሙ ሴት ከእኔ ይልቅ ወደ ፊልሙ ልብ ቀርበው ነበር። ፊልሙም ቢሆን የሚከፈተው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቃል ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ፣ ጌታ እጆቼንና እግሮቼን እዩ፣ ዳስሱኝም የሚላቸው ቦታ ነው። በመጨረሻም ያው ቃል ሊናገረው ከማይገባው አፍ ሲወጣ እንሰማዋለን። ከብዙ ደም ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

በአማርኛ ያልተለመደውን ነገር «እንግዳ» እንለዋለን፤ ደጃችንን ያንኳኳውንም ሰው «እንግዳ» እንለዋለን። እንግዳ የሆኑ አስፈሪ ፊልሞችን የምመዝነው በዚህ ቃል ነው። በአያቶቻችን ወግ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የመጣ ሰው በቅድሚያ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፤ ከወዴት እንደመጣና ምን እንደሚሻ የሚጠየቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙዎቹ አስፈሪ ፊልሞች ግን ይህን ትዕግሥት ለተመልካቹ አይሰጡትም። ሊያልቁ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው አንድ ምሁር ወይም አንድ የቆየ ጋዜጣ ይመጣና መንፈሱ የማን እንደነበር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሞተና በምን እንደሚባረር ያስረዳል። ከዚያ በኋላ የቀረው ፍርሃት ሳይሆን ሥራ ነው። «ዘ ዌይሊንግ» እንዲህ አያደርግም፤ መጻተኛው ማን እንደሆነ ለሚጠይቁት ሁሉ ጥያቄውን መልሶ ይሰጣቸዋል።

ሌላው የማልቀበለው ድንጋጤን ፍርሃት አድርጎ የመሸጥ ልማድ ነው። ጸጥ ካለ በኋላ ድንገት የሚጮህ ሙዚቃና ስክሪኑን የሚሞላ ፊት ማንንም ያስደነግጣል፤ ከኋላ የተዘጋ በርም ያስደነግጣል። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው የተሻለ ነገር አይቷል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው በጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች በሁለት ዓይኖቻቸው ወደ እርሱ ሲያዩት ያገኛቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ወግ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ሲሣል፣ ክፉው በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በጎን የተሣሉት ሰዎች ይበልጥ ያስጨንቁኝ ነበር፤ የተሰወረው ሌላኛው ዓይን ምን እያየ ይሆን እል ነበርና። የጎክሶንግ ነጭ ለባሽ ሴትም መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ቁጭ ብላ ጠጠር ስትወረውር ነው የምናያት። የዚያን የተሰወረ ዓይን ጉዳይ የተረዳ ዳይሬክተር ጩኸት አያስፈልገውም።

ስለ ዓይን ካነሣሁ ስለ «ክዋይዳን» ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ካየኋቸው አስፈሪ ፊልሞች ሁሉ የምወደው እርሱ ነውና። ማሳኪ ኮባያሺ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው ይህ የጃፓን ፊልም አራት የመናፍስት ተረቶችን የያዘ ሲሆን፣ በ1965 በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። እኔ ያገኘሁት ፒያሳ ፊልም ከሚጭን አንድ ልጅ ነው፤ «አሮጌ ነው፣ ማንም አይወስደውም» እያለ ፍላሼ ላይ ጫነልኝ። አብዛኛው ትዕይንት የተቀረጸው በስቱዲዮ ውስጥ በመሆኑ ሰማዩ እንኳ በቀለም የተሣለ ነው፤ በሁለተኛው ታሪክ በበረዶው ላይ በተዘረጋው ሰማይ ትላልቅ ዓይኖች ተሥለው ቁልቁል ያያሉ። ከጎንደር ሆኖ ይህን ያየ ሰው ሠዓሊውን የሚያውቀው ይመስለዋል።

ሦስተኛው ታሪክ ሆይቺ ስለተባለ ዓይነ ስውር አዝማሪ ነው። ጃፓኖች ቢዋ የሚሉትን ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ የጥንት ጦርነት ይተርካል፤ በዚያ ጦርነት ያለቁት መኳንንት መናፍስትም በየሌሊቱ እየጠሩ ያስዘፍኑታል። መነኮሳቱ ሊያድኑት ሰውነቱን በሙሉ በቅዱስ ጽሑፍ ይሸፍኑታል፤ ጽሑፍ ያረፈበትን መንፈሱ አያየውምና። ጆሮዎቹን ግን ረሱ። መንፈሱ ሲመጣ ከጨለማው ውስጥ ሁለት ጆሮዎች ብቻ ታዩት፤ እነርሱን ገንጥሎ ሄደ።

እኔ በዚህ ቦታ ፊልሙን አቁሜ ብዙ ቆየሁ። በእኛ አገር የብራና ክታብ ሲዘጋጅ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረግ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር ሳይጠበቅ የሚቀር የሰውነት ክፍል እንዳይኖር ማለት ነው። በመካከሉ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ሕፃናትን ትገድል የነበረችውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት እንዳጠፋት በግእዝ ይጻፍበታል። ለአክስቴም በተወለዱ ጊዜ እንዲህ ያለ ክታብ ተጽፎላቸው ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት ሁለት ሕፃናት ከእናታቸው እቅፍ ጠፍተዋልና። ካህናት ይህን ልማድ ሲገሥጹ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እኔም ልከራከርለት አልፈልግም። ነገር ግን ጃፓናዊው መነኩሴ ጆሮውን መርሳቱን ሲያውቅ የተሰማው ድንጋጤ፣ አንዲት የጎንደር እናት ብራናው አንድ ስንዝር አጥሮ ብታገኘው የሚሰማት ድንጋጤ ነው። ለውጭ ተመልካች ይህ እንግዳ ፊልም ነው፤ ለእኛ ግን የቅርብ ዘመድ ነው።

«አንደር ዘ ሻዶው» የተባለውንም የባባክ አንቫሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጡት ምርጦች ጋር እቆጥረዋለሁ። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ቴህራን ውስጥ ቀርታ፣ ያልፈነዳ ሚሳይል ቤታቸውን ከመታ በኋላ ጅኒ በነፋስ መጣ ወይስ ሐሳቧ ነው እያለች ትጨነቃለች። ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ልጆቹን ወደ መሬት ያስተኛ ሰው ይህን ፊልም ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ተከታታይ ድራማ ስመጣ ሚዛኔ ይለወጣል። ፊልም አድሮ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ተከታታይ ድራማ ግን ሻንጣውን ይዞ ቤታችን ሊኖር የሚመጣ ዘመድ ስለሆነ ጠባዩን በየቀኑ እንፈትነዋለን። የጀርመኑን «ዳርክ» ማየት የጀመርኩት ይህን ሳላስብ ነበር። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሦስት ሲዝን የቀረበ ሲሆን በጠቅላላው 26 ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውን ሲዝን 10 ክፍሎች ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ቀትር ሳልነሣ ጨረስኩ፤ ዛሬ ሳስታውስ ግን ከአሥሩ በግልጽ የቀሩኝ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ጭጋግ ነው። በዚህ አዝኜ የቀጣዮቹን ሁለት ሲዝኖች ስምንት ስምንት ክፍሎች በአንድ ምሽት ከአንድ ክፍል በላይ ላለማየት ወሰንኩ፤ ደብተርም አዘጋጀሁ።

ደብተሩ ያስፈለገው ለዘር ቆጠራ ነው። ዊንደን በተባለችው ከተማ አራት ቤተሰቦች አሉ፤ ጫካው ውስጥ ያለው ዋሻም በ33 ዓመት ልዩነት ያሉ ዘመናትን ያገናኛል፤ ልጆች ወደ አያቶቻቸው ዘመን ይገባሉ፤ ማን ማንን እንደወለደ ይጠፋል። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና የሌለ መሆኑ ሳይረጋገጥ ጋብቻ በማይፈጸምበት አገር ለተወለደ ሰው፣ ይህ ታሪክ ከጊዜ ጉዞ ይልቅ ስለ ዘር ቆጠራ ነው። በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ የአንዲት እናትና የአንዲት ልጅ ዝምድና ሲገለጥ፣ ላላዩት ስል አልዘረዝረውም፣ ደብተሬን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ሰውነቴን የወረረኝ ማንኛውም አስፈሪ ፊልም ያላደረሰብኝ ቀፋፊ ስሜት ነበር። በአንድ ምሽት ስምንት ክፍል እየዋጥኩ ቢሆን ኖሮ ይህች ነገር እንደ ሌሎቹ ሁሉ ታልፈኝ ነበር።

ስለዚህ ተከታታይ ድራማ ሳያቋርጡ የሚታይ መሆኑ ለእኔ የጥሩነቱ ማስረጃ አይደለም። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ሲቀርብ በነበረበት ጊዜ፣ በሁለት ክፍሎች መካከል የነበሩት ቀናት ራሳቸው የድራማው አካል ነበሩ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን እናቶቻችን ቡና ላይ ተቀምጠው ይከሱታል፣ ይፈርዱበታል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይገምታሉ። ሁሉም ክፍል በአንድ ሌሊት ቢሰጣቸው ይህ ጉባኤ አይኖርም ነበር።

ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ ድምፅ እየተረጎመ ያቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች ላይ ብዙ ሰው «ዝም ብሎ ይቆረጣል» ሲል ቅሬታ ያሰማል። ምክንያቱ ከሥራው አሠራር ነው፤ በቱርክ አገር አንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀርባል፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ግን በአጫጭር ክፍሎች ይከፋፈላል። ጸሐፊው ያላሰበበት ቦታ ላይ ማብቂያ ይፈጠራል፤ ገጸ ባሕርዩ በሩን ሊከፍት እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። እኔ ድራማዎቹን አልንቃቸውም፤ ተርጓሚዎቹ ያመጡት አማርኛም በብዙ ቦታ ሕያው ነው። የተሰፋበትን መስመር ትቶ ሌላ ቦታ የተቀደደ ልብስ ግን መልኩ ይበላሻል።

መሄጃቸውን ከሚያውቁት ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ በእኔ ዘንድ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው «ቼርኖቤል» ነው። በሶቪየት ኅብረት ስለደረሰው የኑክሌር ጣቢያ ፍንዳታ ይተርካል፤ አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ አንድም መንፈስ የለበትም፤ ሆኖም ከአብዛኛው አስፈሪ ፊልም ይበልጥ ያስፈራል። በአራተኛው ክፍል ወታደሮች የተበታተነውን ግራፋይት በአካፋ ሊጥሉ ጣሪያው ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ መቆየት የሚችሉት 90 ሰከንድ ብቻ ነው። ካሜራው ሳይቆረጥ አንዱን ወታደር ይከተላል። ጠላቱ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚሰማው የጨረር መለኪያው መንጫጫት ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ ክፋት በጎኑ እንኳ አልተሣለም፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ተሰውረዋል።

ከአክስቴ ጋር ያየነው ፊልም ግን አላለቀም። በሳምንቱ ቡና እየቆሉ ሳለ፣ «ያቺ የፖሊሱ ልጅ ዳነች ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ፊልሙ አይነግረንም አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ዘነዘናውን አነሡና፣ «እንግዲህ ሌላ ካለህ አምጣ» አሉ። ስለ ሆይቺና በሰውነቱ ላይ ስለተጻፈው ጸሎት ስነግራቸው፣ የእርሳቸው ክታብ የት እንደገባ ለመጀመሪያ ጊዜ አወሩልኝ፤ እናታቸው ሲቀበሩ አብሮ እንደተቀበረ ነው የሚያምኑት። ፊልሙን ለማየት ተስማምተዋል፤ ግን ፍልሰታ ስለገባ እስኪፈታ ድረስ ይቆይ ብለውኛል። ፍላሹ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከመዝሙረ ዳዊታቸው አጠገብ ተቀምጧል።