«ዘ ፎለን አይዶል»ን በእርሳስ ሳጠና

ሚስዝ ቤንስ የምትወድቅበትን ትዕይንት በመጨረሻ ከዳር እስከ ዳር ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ለወራት ሲያታግለኝ የቆየው እሱ ስለነበር ደስታዬን ለብቻዬ ልይዘው አልቻልኩም።

ፊልሙን ላላያችሁ፦ ካሮል ሪድ እ.ኤ.አ. በ1948 ያዘጋጀው፣ ግሬም ግሪን ከራሱ አጭር ልብ ወለድ ተነሥቶ የጻፈው የእንግሊዝ ፊልም ነው። ለንደን፣ ቤልግሬቭ አደባባይ ባለ ኤምባሲ የሚኖረው የአምባሳደሩ ልጅ ፊሊፕ ዋናውን አሳላፊ ቤንስን እንደ ጀግና ያየዋል። ቤንስ ቁጡ ሚስት አለችው፤ በስውር የሚወዳት ጁሊም አለች። ልጁ ሻይ ቤት ውስጥ አብረው ሲያገኛቸው ጁሊ የቤንስ ዘመድ ትመስለዋለች። ከዚያ ወዲያ ትልልቆቹ ሁሉ ምስጢራቸውን የሚያሸክሙት ይህን ሕፃን ነው።

መጀመሪያ ላይ የተለመደውን ሠራሁ፤ ድምፁን አጥፍቼ አየሁ፣ ስለ ፊልሙ ካሜራ ባለሙያ ጆርጅ ፔሪናል የብርሃን አጠቃቀም ማስታወሻ ያዝኩ፣ ካሜራው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቆጠርኩ። ቆጠራ ለማንም የሚፈይደው ነገር የለም። እንዲያውም ጀማሪን ቁጠር እያሉ የሚያደክሙ መምህራን ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ያታገለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሚስዝ ቤንስ በአደጋ እንደሞተች እኛ በዓይናችን አይተናል፤ ልጁ ግን ቤንስ የገደላት ይመስለዋል። እሱም እዚያው ነበር፣ እሱም ሲያይ ነበር። ታዲያ የቱ ጋ አመለጠው?

የቤቱን ደረጃና መስኮቶች ነድፌ የእያንዳንዱን ሰው መንገድ በየራሱ ቀለም ስከተል ነገሩ ተገለጠልኝ። ባልና ሚስቱ ደረጃው አናት ላይ ሲተናነቁ ልጁ ከውጭ፣ በእሳት አደጋ መውጫው ላይ ሆኖ በመስኮት ያያል። ደንግጦ ቁልቁል ይሮጣል። በዚህ መሐል ቤንስ ትቷት ይሄዳል። እሷ ግን ፍቅረኛሞቹን ለመሰለል የመስኮቱ ደፍ ላይ ትወጣለች፤ መስኮቱ ይዞርና ገፍቶ ይጥላታል። ልጁ ታችኛው መስኮት ሲደርስ የሚያገኘው የነገሩን መጨረሻ ብቻ ነው። ወረቀቴ ላይ ሰማያዊው የልጁ መስመር በሁለቱ መስኮቶች መካከል የሚያልፈው በድፍን ግድግዳ ነው። የፊልሙ ጭንቀት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች የግድግዳ ስፋት ላይ ነው!

ስለዚህ አሁን አጭር ፊልም ስጽፍ ከንግግሩ በፊት የቤቱን ፕላን እስላለሁ። እርግጥ ንግግር መጻፍ ስለሚሰለቸኝም ጭምር ነው።

ሕፃን ለምታሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፊሊፕን የተጫወተው ቦቢ ሄንሪ ተዋናይ አልነበረም፤ ልቡም ቶሎ ይበተን ነበር። ሪድ በአጫጭር ቁራጭ እየቀረጸ ትወናውን በቅንብር ገጣጠመው። ልጅን ረጅም ንግግር ማስሸምደድ ለልጁም ለተመልካቹም ቅጣት ነው።

ቀጥሎ የያዝኩት ሚስዝ ቤንስ ከመሞቷ በፊት የላከችው ቴሌግራም የወረቀት አውሮፕላን ሆኖ ፖሊሶች ባሉበት ቁልቁል የሚንሳፈፍበትን ክፍል ነው። እዚህ ላይ ግን ንድፌ አልሠራም፤ ወረቀቱን የምናየው በማን ዓይን እንደሆነ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ቀለሞቼ ይደበላለቃሉ። የተሻለ ዘዴ ያለው ይጻፍልኝ። እስከዚያው ልጁ እውነቱን ሊናገር ሲል ሰሚ ወደሚያጣበት የመጨረሻ ምርመራ እዘላለሁ።