አንድ ሌሊት ቢጨምሩስ?

ዛሬ ማለዳ በእንግዳ ማረፊያችን ያደሩ አንዲት ጠና ያሉ እንግዳ ሻንጣቸውን ደረጃው ሥር አቁመው ቁልፉን ሲመልሱልኝ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ማታ ሁሉ አንድ ቀን ብጨምር እያልኩ ነው የተኛሁት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አይጨምሩም?» ብዬ መዝገቡን ገለጥኩ። ክፍላቸው ለዛሬ ማታ ተይዟል። የቀሩት ሰባቱም እንደዚያው። ትናንት ከሰዓት ግን ሁለት ክፍት ክፍል ነበረን። ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ አሁን ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር።

«ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ያህል ጊዜ ይህን ቤት ስይዝ «መቼ ነው የሚወጡት?» ብዬ ያልጠየቅኩት እንግዳ የለም። «ቢቆዩስ?» ያልኩት ግን ስንቱን ነው?

የአንድ ሌሊት እንግዳ ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። ግን ልፋቱን አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል በወር 30 ሌሊት ቢያዝና እንግዳው በየቀኑ ቢለዋወጥ፣ አልጋው 30 ጊዜ ይፈታል፤ አንሶላና ፎጣው 30 ጊዜ ይታጠባል፤ መታጠቢያ ቤቱ 30 ጊዜ ይፈገፈጋል። እንግዶቹ ሦስት ሦስት ሌሊት ቢያድሩ ይህ ሁሉ 10 ጊዜ ብቻ ነው። የተሸጠው ሌሊት ግን ያው 30 ነው። ክፍል የምታጸዳልን እህት ቀትር ላይ አንሶላ ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ ከጨርቁ በላይ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከማንም በላይ ለእሷ ጉልበት ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ መላ ቅናሽ ነበር። አሁን ሳስበው በደንብ ሳላሰላ ነው የገባሁበት። አራት ሌሊት አድሮ የሦስት መክፈል ማለት 25 በመቶ ቅናሽ ነው። ሰባት አድሮ የስድስት ቢከፈል ግን 14 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም «አንድ ሌሊት በነጻ» ይባላሉ። ሦስተኛው ሌሊት በግማሽ ዋጋ ሲባል ደግሞ ከጠቅላላው 17 በመቶ ገደማ ይቀነሳል። እኔ ትልቁን መርጬ፣ ያውም ገበያ በደራበት ወቅት፣ ለሁሉም ሰጠሁት። አራት ሌሊት ሊያድሩ አስበው የመጡ ሰዎች አመስግነው ተጠቀሙበት። ከሁለት ወደ አራት ያሳደገ እንግዳ ግን ብዙም አላየሁም። ቅናሽ ገበያው ሲቀዘቅዝና በሥራ ቀናት ነው የሚያዋጣው። ሰው ራሱ በሚመጣበት ጊዜ የራስን ገቢ መቁረጥ ነው።

ቀጥሎ «ከሁለት ሌሊት በታች አንቀበልም» የሚል ደንብ አወጣሁ። ይህኛው ሌላ ጣጣ አመጣ። አንዱ እንግዳ ሐሙስ ጠዋት ይወጣል፣ ሌላው ዓርብ ይገባል። የሐሙስ ሌሊት መሃል ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ደንቡ ሁለት ሌሊት ስለሚል ማንም ሊይዛት አይችልም። ክፍሉ ባዶውን ያድራል፤ እኔም በራሴ ደንብ በሩን ዘግቻለሁ። አሁን እንዲህ ያለች ሌሊት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምደውለው ለሁለቱ ነው፤ ሐሙስ ለሚወጣው «አንድ ቀን ይጨምሩ»፣ ዓርብ ለሚገባው «አንድ ቀን ቀድመው ይምጡ» እላለሁ። ዋጋውንም ቀነስ አደርጋለሁ፤ ባዶ ከሚያድር ይሻላል። ሁለቱም ካልፈለጉ ደንቡን ለዚያች ሌሊት አንስቼ ለማንም እከፍታታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን በራሴ ክፍል ማደሬ ነው። ባለፈው ጊዜ ለሦስት ሌሊት እንደ እንግዳ ገብቼ ተኛሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልጎደለኝም። በሁለተኛው ቀን እርጥብ ፎጣዬን ይዤ መሃል ክፍል ቆምኩ። መስቀያው አንድ ነው፤ እሱም ኮቴን ይዟል። ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጣልኩት። ወንበሩ ሲያዝ መቀመጫ አጣሁ፤ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬ ወለሉ ላይ ተበትኖ ንጹሑን ከቆሻሻው መለየት አቃተኝ። ክፍሉ ራሱ «ነገ ትሄዳለህ አይደል?» የሚለኝ መሰለኝ። ለካ ሰውን ቆዩ እያልን ክፍሎቻችንን የሠራናቸው ለአንድ ሌሊት ነው።

በማግስቱ በየክፍሉ አራት አራት መስቀያ አስመታን። ሁለት መደርደሪያ ጨመርን። ከኋላ በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጠርን። ረዘም ላለ ጊዜ የሚያርፈውን እንግዳ በየማለዳው በር ማንኳኳት ትተን «ክፍልዎ መቼ ይጸዳልዎት?» ብለን መጠየቅ ጀመርን። ብዙዎቹ በየሁለት ቀኑ ይበቃናል አሉ።

የቀረኝ መጠየቁ ነበር። ዛሬ ሻንጣው ደረጃው ሥር ከቆመ በኋላ መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ብዙ ሰው የመመለሻ ትኬቱን አስቀድሞ ይቆርጣል። ስለዚህ አልጋ ሲይዙ በምልክላቸው መልእክት ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት፣ ቀጣዩ ሌሊትም ክፍት መሆኑን እንዲያውቁት ነው።» ትኬቱ ላልተቆረጠው ደግሞ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ እጠይቃለሁ። ሰው ነገ ምን ላድርግ ብሎ የሚያስበው ያኔ ነው። አንዴ ብቻ ነው የምለው። ሁለተኛ ከጠየቅኩ ልመና ይመስላል፤ እንግዳም ይሸማቀቃል።

ዛሬ ማታ ስድስት ቁጥር ያሉት ሰውዬ ከውጭ ሲመለሱ ሞከርኩት።

«ክፍልዎ ለነገም ክፍት ነው። ምናልባት ከፈለጉ ብዬ ነው።»

«እስቲ ላስብበት» ብለው ወደ ክፍላቸው ወጡ። ተቀምጬ የነገውን ገጽ አየሁ፤ ከስድስት ቁጥር ፊት ያለው ባዶ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ከደረጃው አጋማሽ ላይ አንገታቸውን አዘንብለው ጠሩኝ።

«ይቅርታ፣ ያ ከኋላ ያለው ገመድ የእንግዳ ነው? ሁለት ሸሚዝ ላጥብ ነበር።»