በዚያች የነሐሴ ሌሊት ጌታ ያደረገልኝ

ጌታ ይባረክ! እግዚአብሔር አንጀቴን ከሞት መለሰልኝ። ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ የነገረኝን ነው የምመሰክረው። ስለዚያች ሌሊት ባወራሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ነገር ብደጋግም ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. 138 ኪሎ ነበርኩ። ስኳርም ግፊትም ነበረብኝ። ተኝቼ ትንፋሼ ቆም ስለሚል ባለቤቴ ሌሊት እየቀሰቀሰኝ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ወጪውን ቻለልኝ (ጌታ ዘመኑን ይባርክ)፤ ሕንድ ሄጄ የጨጓራ ባይፓስ ተሠራሁ። ለማታውቁት፦ ጨጓራውን ይከፍሉትና ከላይ የእንቁላል ያህል ትንሽ ከረጢት ያስቀራሉ። እሷን ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኟታል። የምትበላው ምግብ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

ዓመት ተኩል ሳይሞላ 80 ኪሎ ገባሁ። የስኳር መድኃኒት አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መሰከርኩ፤ ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ታሪኬ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ግን ማንም መድረክ ላይ አያወራቸውም። ለምሳሌ ጉርሻ። በእኛ አገር ጉርሻ እምቢ ማለት ሰውን እምቢ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንዲት ጉርሻ በደንብ ሳላላምጥ ከዋጥኩ ደረቴ ላይ ቆማ ላብ ታጠምቀኛለች። የባለቤቴ አክስት ሰርግ ላይ ያጎረሱኝን ከቤቱ ኋላ ሄጄ መለስኩት፤ ሴትየዋ አዩኝና ለወራት ተቀየሙኝ። ማር ደግሞ አለ። የጅማ ሰው ለእንግዳ ማር ሲያቀርብ ከልቡ ነው። እኔ ግን ሁለት ማንኪያ ከቀመስኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ይገለባበጣል፣ ካልተኛሁ እወድቃለሁ። ጣፋጩ ሳይፈጭ በአንዴ አንጀት ውስጥ ስለሚወርድ ነው።

ቡናውስ? ጅማ ተቀምጦ ከቡና መራቅ እንዴት ይቻላል? አልራቅኩም። ግን የደም ማነስ መድኃኒቴን ከቡና ጋር እንዳልወስድ ተነግሮኛል፤ ቡናው ብረቱን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፦ እነዚህን ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ። እዚህ ደግሞ አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጠፋል። ፀጉሬ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ማበጠሪያ ላይ ቀረ። ጥቂት ኪሎም ተመልሶ መጣ።

ሰውስ? ወፍሬ ሳለሁ "ተመችቶሻል" ይሉኝ የነበሩት፣ ስከሳ "ምን ነካት?" ማለት ጀመሩ። ሄርማታ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ከጀርባዬ ስለ በሽታዬ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በእግዚአብሔር ተቆጥቼ ነበር። "ስኳሩን ወሰድክ፣ ይሄን ሁሉ ደግሞ ሰጠኸኝ። ለምን ግማሽ ታድናለህ?" አልኩት፤ እንዲሁ፣ በዚህ ቃል። መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ተውኩት። እሁድ እሁድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌሎች ሲዘምሩ አፌን ዘግቼ አያለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምትቀርበኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የምትለው። እሱንም ቢሆን የዳዊት ጩኸት ስለሆነ ነው የደፈርኩት።

ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከበላሁ በኋላ ግራ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። ይመጣል፣ ይሄዳል። ተንበርክኬ በእጄ ስደገፍ ይለቀኛል። ሐኪም ቤት ስሄድ ሁልጊዜ "ጨጓራ ነው"። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ያቺ ሌሊት 2014 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ ነበረች። ባለቤቴ ለሥራ ቦንጋ ሄዷል። ቤት እኔና እናቴ ብቻ ነን። የነሐሴን የጅማ ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው የሚለው አይሰማም። መብራት ከማታ ጀምሮ የለም። ሽሮ በእንጀራ በልቼ ነበር፤ ትንሽ፣ እንደ ልማዴ። ሦስት ሰዓት ገደማ ጎኔን ወጋኝ። ይለቀኛል ብዬ ተንበረከክኩ። አልለቀቀኝም። ከጎኔ ተነስቶ ጀርባዬ ድረስ ሄደ፣ ሆዴን አንድ ሰው ይዞ የሚጠመዝዘው መሰለኝ። ማስመለስ ፈለግኩ፤ ከምራቅ በቀር የሚወጣ የለም።

እናቴ ሻማ አብርታ መዝሙረ ዳዊቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ በሻማ ስለማያነብላት የምታውቀውን በቃሏ ነበር የምትለው። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም።" እኔ ደግሞ በመሀል "እማዬ ዝም በይ" አልኳት። ዝም አላለችም። ጌታ ይስጣት፣ ዝም አላለችም።

ጩኸቴን ጎረቤታችን ሰሙ። ሙስሊም ናቸው፤ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ እናት ናቸው። ጃንጥላ ይዘው፣ ነጠላቸው በጭቃ ተለውሶ ገቡ። ግንባሬን ነኩና "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ" አሉኝ። ወዲያው ባጃጅ የሚነዳውን የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው አመጡት።

ቅርብ ያለ ክሊኒክ ሄድን። ተረኛው "ጨጓራሽ ነው፣ ዲክሎፌናክ ልውጋሽ" አለኝ፤ የሕመም ማስታገሻ ነው። "ባይፓስ ነኝ፣ እሱን መውሰድ አልችልም፣ ያቆስለኛል" አልኩት። ሕንድ ሐኪሞቹ ደጋግመው ያስጠነቀቁኝ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳልወስድ ነው። ሰውየው ባይፓስ የልብ መሰለው። የጨጓራ መርፌ ወጋኝና ወደ ቤት መለሰኝ። አልፈርድበትም፤ አይቶ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሆዴ ተነፋ። እጄ ቀዘቀዘ። መጮህ አቆምኩ፤ እናቴን ያስደነገጣት ይሄ ነው። እኔም የዚያን ጊዜ ነው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለይኩት። ረጅም ጸሎት አይደለም። "ጌታ ሆይ፣ ተቆጥቼሃለሁ፤ ግን ከአንተ በቀር ማን አለኝ?" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ድንገት አፌ ላይ የመጣው ልጅ ሆነን በሰንበት ትምህርት ቤት የምንዘምረው መዝሙር ነው። ዜማው እንጂ ግጥሙ አልመጣልኝም። ዜማውን እያንጎራጎርኩ ባጃጅ ውስጥ ጫኑኝ።

ያንን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ። ኮብልስቶኑ በየነጠላው ሆዴ ውስጥ ይገባል። ልጁ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ" ይላል። አወይቱ ሞልቶ ድልድዩ ሥር ሲያጓራ ይሰማል። እናቴ በአንድ በኩል "ኢየሱስ ኢየሱስ" ትላለች፣ በሌላ በኩል ጎረቤታችን እማማ መስበሃቸውን እየቆጠሩ ይጸልያሉ። እኔ መሀል ነኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስን። አንድ ወጣት ሐኪም መጣ፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። "ሆዷን ተሠርታለች" ሲሉት ጎንበስ ብሎ "ባይፓስ ነው ወይስ ስሊቭ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስሊቭ ማለት ጨጓራውን ቆርጦ የሚያጠብበው ሌላው ቀዶ ጥገና ነው።

አለቀስኩ። ከሕመሙ አይደለም። ያንን ጥያቄ በከተማዬ ውስጥ ከዚያ በፊት አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። "ባይፓስ" አልኩት። ሌላ ነገር ሳይጨምር ወደ አለቃው ደወለ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፤ እናትህ ትባረክ።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ። የአንጀቴ ደም ሥሮች ተጠምዝዘው ታዩ። ሐኪሙ በኋላ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ባይፓስ ሲሠራ አንጀት ከቦታው ስለሚዛወር ከኋላው ክፍተት ይኖራል። ሰው ሲከሳ አንጀቱን ያቀፈው ስብም አብሮ ይከሳል፤ ክፍተቱ ይሰፋል። አንጀት በዚያ ሾልኮ ገብቶ ይታነቃል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ይመጣል። ቶሎ ካልተከፈተ አንጀቱ ይሞታል። ያ ዓመት ሙሉ የሚመጣው የሚሄደው ውጋትም ይኸው ነበር፤ እየገባ እየወጣ።

የደሜ መጠን (ሄሞግሎቢን የሚሉት) 8 ነበር፤ ዝቅ ያለ ነው። ደም ያስፈልጋል ተባለ። ከሆስፒታሉ ደም ተገኘልኝ፤ የባጃጁ ልጅ ግን "በምትኩ የእኔን ውሰዱ" ብሎ ጃኬቱ ከዝናቡ ውሃ እያንጠባጠበ ክንዱን ዘረጋ። የእሱንም ውለታ በምን እከፍላለሁ? ባለቤቴ በስልክ ፈቀደ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርገውልኝ ነበር፤ ሊጸልይልኝ ጀምሮ በለቅሶ ተቋረጠ። ከዚያ ሌሊት ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በዝናብ ተነሳ።

ቀዶ ጥገና ክፍሉ ብርድ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ትልቅ መብራት አያለሁ። ማደንዘዣ የምትሰጠው እህት "የሚያረጋጋሽን ነገር አስቢ" አለችኝ። ሳላስበው "አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፥ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ" የሚለው ወጣልኝ። እኔ ነኝ ያልኩት ለማለት ይከብደኛል። ወራት ሙሉ አፏን ዘግታ የተቀመጠች ሴት ያንን ቃል ከየት ታመጣለች?

ስነቃ ነግቷል። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ቆመ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። "ስንከፍትሽ የአንጀትሽ ረዘም ያለ ክፍል ጠቁሮ ነበር" አሉኝ። "ጠምዛዛውን ፈታን። የሞተ መስሎን ቆርጦ ለማውጣት ተዘጋጀን። በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሸፍነን ጠበቅን። ደቂቃ ደቂቃ ስንገልጠው መጀመሪያ ምንም የለም። ቀስ እያለ ቀላ። ከዚያ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድም ነገር አልቆረጥንም፤ ክፍተቶቹን ሰፍተን ዘጋን።" ትንሽ ቆዩና "ጥቂት ሰዓት ብትዘገዪ ሌላ ታሪክ ነበር" ብለው ሄዱ።

እናቴ በር ላይ ሆና ሰማች። እሷና እማማ ሌሊቱን ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፈው ነው ያደሩት። ጉልበቷ እንደሚያማት አውቃለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ተንበርክካ ነው የነጋባት። "ይህ ችግረኛ ጮኸ፥ እግዚአብሔርም ሰማው" ብላ እልል አለች። ነርሷ ዝም ልታሰኛት መጣችና አብራት አለቀሰች።

ማገገሙ ወራት ፈጀ፤ አለፈ።

ዛሬ 87 ኪሎ ነኝ። ስኳሩ አልተመለሰም። ፀጉሬ እየሞላ ነው። የሆዴ ቆዳ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ለቀሚስ እንጂ ለጤና አያስቸግረኝም። መዘምራን ተመልሻለሁ። ጾም ጸሎት ሲታወጅ ሌሎች እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ እኔ ከፓስተራችን ጋር ተነጋግሬ በየሰዓቱ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ እንቁላሌን በልቼ እጸልያለሁ። በዚህ ቅር የሚለው ወገን ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ጠባሳዬን አሳየዋለሁ። ጎረቤት ማር ሲያቀርብልኝም እውነቱን እናገራለሁ፤ እማማ ለእኔ ብቻ ያለ ስኳር ቡና ይዘው ይጠብቁኛል።

ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አለች፤ ባለቤቴ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ አስለብጦልኛል። "የጨጓራ ባይፓስ ተሠርቻለሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትስጡኝ። ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከያዘኝ የአንጀት መታነቅ ሊሆን ይችላልና ቀዶ ሐኪም ይየኝ" ይላል። ባይፓስ የተሠራችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ነገር ያዙ። ውጋቱ መጥቶ ሲሄድ "ተሻለኝ" ብላችሁ አትቀመጡ። "ጨጓራ ነው" ሲሏችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው፤ ካልሰሙ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ እየጸለያችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ወር የደም ምርመራ አለኝ። የብረቱ መጠን ባለፈው ጊዜ አሁንም ዝቅ ያለ ነበር፤ በደም ሥር ሊሰጡኝ ይችላሉ። በጸሎታችሁ አስቡኝ። እማማም ዘንድሮ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው፤ እሳቸውንም አትርሱልኝ።